በቀን አንድ ሚሊ ሜትር

አምና ጥቅምት መግቢያ ላይ ከአንኮበር የመጡ አንዲት አያት ከ12 ዓመት የልጅ ልጃቸው ጋር ደብረ ብርሃን እኛ ግቢ ውስጥ ያለችውን ክፍል ተከራዩ። ልጅቷ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ገና ከሆስፒታል መውጣቷ ነበር። ግራ ጭኗን የብረት ቀለበቶች ከበውታል፤ ከቀለበቶቹም ቀጫጭን ብረቶች ቆዳዋን አልፈው አጥንቷ ውስጥ ይገባሉ። የግቢው ልጆች መጀመሪያ ሲያዩዋት ሸሹ። ትልልቆቹም ከንፈራችንን መጠጥን።

"እማማ፣ ሐኪሞቹ መቼ ነው አስረዝመው የሚጨርሱት?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ሐኪሞቹማ አጥንቱን ቆርጠው፣ ብረቱን አስረው ሰጡን ልጄ። ማስረዘሙ የኛ ሥራ ነው" አሉኝ። አልጋው ራስጌ ላይ በምስማር የሰቀሏትን ደብተርም አሳዩኝ። እማማ ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን በየቀኑ አራት አራት ጭረት ያሰምሩ ነበር። አንዱ ጭረት የሩብ ሚሊ ሜትር ነው።

ስለ እግር ማስረዘም ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከዚያ ወዲህም አልሰማሁም። ወላጆች ስለዚህ ሕክምና ሲሰሙ የሚጠይቁት "ስንት ሰዓት ይፈጃል? ስንት ብር ያስከፍላል?" የሚለውን ነው። ቀዶ ሕክምናው የሰዓታት ነገር ነው። እግሩ የሚረዝመው ግን ከዚያ በኋላ፣ እቤት፣ በእናንተ እጅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "ቤታችን ለዚህ ተዘጋጅቷል ወይ?" የሚለው ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚሁ ነው። የምጽፈው የሐኪማችሁን ትእዛዝ እንድትረዱት እንጂ እንድትተኩት አይደለም።

እግር ለምን ያጥራል?

አንዳንዱ ልጅ ሲወለድ ጀምሮ አንደኛው የጭን ወይም የቅልጥም አጥንቱ አጭር ነው። ሌላው በልጅነቱ አጥንቱ መግል ይዞ ይታመምና እድገቱ ይሰናከላል። ቀድሞ ፖሊዮ ብዙዎችን እንዲህ አድርጓል። እንደኛ ባለ ገደላ ገደል አገር ደግሞ መውደቅ አለ፤ ከገደል፣ ከዛፍ፣ ከበቅሎ።

የልጅ አጥንት የሚያድገው በጫፎቹ አጠገብ ባለ ለስላሳ ንጣፍ ነው። ስብራቱ ይህን ንጣፍ ከጎዳው ቁስሉ ይድናል፤ አጥንቱ ግን ማደጉን ሊያቆም ወይም ተጣሞ ሊያድግ ይችላል። ጤነኛው እግር በየዓመቱ ሲረዝም የተጎዳው ወደ ኋላ ይቀራል። የተሰበረው አጥንት ጫፍና ጫፉ ተደራርቦ ሲገጥምም እግሩ ያጥራል።

የወጌሻ እጅ በአገራችን የተከበረ ነው። ነገር ግን ከጉልበቱ ወይም ከክርኑ አጠገብ የተሰበረ ልጅ ራጅ ሳይነሣ አይታሽ። አጥብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደም ይከለክላል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ እስሩን ወዲያው ፈትቶ ሆስፒታል መሮጥ ነው። በዚሁ ሰበብ እጅ ወይም እግር ማጣት ለአገራችን የአጥንት ሐኪሞች እንግዳ ነገር አይደለም።

ሁሉም አጭር እግር ብረት አይፈልግም

ሐኪሞች በጥቅሉ የሚመሩበት ልክ አለ። የሁለቱ እግሮች ልዩነት ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ምንም አይደረግም፤ ቢበዛ ጫማው ውስጥ ሶል ይጨመራል። ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነና ልጁ ገና በማደግ ላይ ካለ፣ የረዥሙን እግር እድገት በትንሽ ቀዶ ሕክምና በጊዜው አቁሞ አጭሩ እንዲደርስበት ማድረግ ይቻላል። ይህ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ግን ልጁ ማደጉን ከጨረሰ በኋላ አይሠራም። "ሲያድግ ይስተካከላል" ብሎ መጠበቅ የሚያስከፍለው ለዚህ ነው። ማስረዘም በአብዛኛው የሚታሰበው ልዩነቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ጀምሮ ነው። ሐኪሙ የሚያሰላውም የዛሬውን ልዩነት ብቻ ሳይሆን፣ ልጁ አድጎ ሲጨርስ የሚኖረውን ነው።

እስከዚያው ጎበዝ ጫማ ሰፊ ከሥሩ በጎማ ከፍ ያደረገው ጫማ ወገብን ያሳርፋል። የጎማውን ውፍረት ግን ሐኪም ለክቶ ይስጠው።

ለምርመራው የደብረ ብርሃን ሆስፒታል ቅርብ ነው። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ከተጻፈ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የአጥንት ሕክምና ክፍል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታልም የአጥንት ችግር ያለባቸውን ልጆች ያለ ክፍያ በማከም ይታወቃል። ለልጃችሁ የሚያስፈልገው ሕክምና የትኛው ጋ እንደሚሰጥና ወረፋው ምን ያህል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ላክል። ዛሬ ዛሬ በቱርክም በሌላም አገር ጤነኛ እግራቸውን ለቁመት ብለው ብቻ የሚያስረዝሙ ወጣቶች አሉ። ከውጭ ደውሎ ይህን የሚያማክራችሁ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካለ፣ የሚከተለውን ሁሉ አንብቡለት። በሀብታም አገር ብረቱ አጥንቱ ውስጥ ተቀብሮ ከውጭ በማግኔት ሊዘረጋ ይችላል። አጥንቱ የሚቆረጠው፣ ጡንቻውና ነርቩ የሚሳበው፣ ወራቱም የሚቆጠረው ግን ያው ነው።

ምስጢሩ ዝግታ ነው

እግር የማስረዘም ሙከራ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ኮዲቪላ የተባለ የጣሊያን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1905 ስለዚሁ ጽፏል። ያኔ ግን የተቆረጠው አጥንት በኃይል ይሳብ ስለነበር ነርቭና ቆዳ ይጎዳ ነበር። ነገሩን የለወጠው ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ የሚባል የሶቪየት ኅብረት ሐኪም ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሳይቤሪያ፣ ኩርጋን በሚባል አካባቢ ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቀለበትና ቀጫጭን ሽቦ ያለው መሣሪያ ሠራ። አጥንት በዝግታ ሲሳብ በክፍተቱ ውስጥ አዲስ አጥንት እንደሚያበቅልም አየ።

ስሙ የናኘው ቫለሪ ብሩሜልን ካዳነ በኋላ ነው። ብሩሜል በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ በከፍታ ዝላይ ወርቅ ያገኘ ስፖርተኛ ነበር። በማግስቱ ዓመት በሞተር ሳይክል አደጋ እግሩ ተሰባበረ፤ ከብዙ ቀዶ ሕክምና በኋላም አልድን ሲለው ኩርጋን ሄዶ ዳነ።

የዛሬው አሠራር መሠረቱ ያው ነው። ሐኪሙ አጥንቱን ይቆርጥና ብረቱን ያስራል። ከ5 እስከ 7 ቀን ሳይነካ ይቆያል። ከዚያ በብረቱ ላይ ያሉት ዳዶዎች በቀን አራት ጊዜ በሩብ በሩብ ዙር ይዞራሉ፤ የአንድ ቀኑ ሲደመር 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከዚህ ከፈጠነ ነርቩና ጡንቻው መከተል ያቅታቸዋል፤ አዲሱም አጥንት ይሳሳል። ከዘገየ ደግሞ አጥንቱ ቀድሞ ይገጥምና እንደገና መቁረጥ ይመጣል። የሩብ ሚሊ ሜትሯ ነገር ቀልድ አይደለችም።

ቀኑን በጣታችሁ ቁጠሩ

ልጁ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 50 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል እንበል። መስከረም 20 ቀዶ ሕክምና ቢደረግለት፣ አንድ ሳምንት ተጠብቆ መስከረም 27 ማዞር ይጀመራል። ሃምሳው ቀን የሚሞላው ኅዳር 16፣ ጾመ ነቢያት በገባ ማግስት ነው።

ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ የሚያበቃ ይመስለዋል። አያበቃም። አዲሱ አጥንት መጀመሪያ ለስላሳ ነው፤ እስኪጠና ድረስ ብረቱ አይወልቅም። ሐኪሞች ለልጅ በግምት ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር አንድ ወር ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ይይዛሉ። እንግዲህ ብረቱ ገናን አልፎ፣ ጥምቀትን አልፎ እስከ የካቲት መጨረሻ፣ አንዳንዴም እስከ መጋቢት ይቆያል። ለአዋቂ ከዚህም ይረዝማል።

ይህን ቆጠራ ከመፈረማችሁ በፊት አድርጉት። አጨዳው ማን ላይ ይወድቃል? ታናናሾቹን ማን ይይዛቸዋል? የትምህርቱ ግማሽ ዓመት እንዴት ይሆናል? ቀዶ ሕክምናው በነጻ ቢሆን እንኳ የቤት ኪራይ፣ መሳፈሪያ፣ ፋሻ፣ ምግብ፣ እንዲሁም ሥራ ፈትቶ የሚያስታምም አንድ ሰው አለ።

ጠያቂም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ዘመድ ሙዝና ብርቱካን ይዞ ክፍሉን ይሞላዋል። በሦስተኛው ወር ደጁን የሚያንኳኳ የለም። ያኔ ነው አስታማሚዋ የምትደክመው። ስለዚህ "ምን እንርዳ?" ለሚላችሁ ዘመድ "የጥር ሁለተኛ ሳምንት ያንተ ናት" ብላችሁ ሳምንት ስጡት። ሁለት ሰው ቢያንስ ማዞሩንና ማጽዳቱን ይልመድ፤ አንዱ ቢታመም ሌላው እንዲተካ።

ቤቱ ይዘጋጅ

በማዞሪያው ጊዜ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ራጅና ምርመራ አለ። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር። ብረት የታሰረ እግር ሚኒባስ ውስጥ ተዘርግቶ መቀመጥ አለበት፤ ሁለት ሰው ቦታ ይይዛል። መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናትም አይጠፉም። የአንኮበርን ቁልቁለትና ጭቃ ደግሞ በክራንች መሞከር ሌላ ስብራት መጥራት ነው። እማማ ከዘመድ ተመካክረው ደብረ ብርሃን የተከራዩት ለዚህ ነበር። ኪራዩ ከበዳቸው፤ ግን አንድ ማታ ልጅቷን ትኩሳት ሲይዛት ሆስፒታል የደረስነው በባጃጅ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ልጁ በክራንች መሄድ ይልመድ። ታሞ መልመድና ጤነኛ ሆኖ መልመድ አንድ አይደለም። ከተቻለ ብረቱን አስቀድሞ ይየው፣ በእጁም ይንካው።

ሽንት ቤት ትልቁ ጣጣ ነው። ጉልበቱ የማይታጠፍ ልጅ ቁጢጥ ማለት አይችልም። እማማ አንድ አሮጌ የእንጨት ወንበር መካከሉን አስቀድደው፣ ከሥሩ ባልዲ አድርገው አምጥተው ነበር። ካዘጋጁት ሁሉ በጣም የጠቀማቸው እሱ ነው።

ሱሪ ከጎኑ ተተርትሮ በቁልፍ ወይም በማሰሪያ ይሠራ፤ ለሴት ልጅ ሰፊ ቀሚስ ይበቃል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ብረቱ ብርዱን ስቦ እግሩን ያንዘፈዝፈዋል። ከንጹሕ ጋቢ ቅዳጅ እንደ ከረጢት የተሰፋ መሸፈኛ ከፋብሪካ ብርድ ልብስ ይሻላል፤ ጠጉሩ ቁስሉ ላይ አይቀርም። የከሰል ማንደጃ ግን አታስጠጉ። ብረቱ ይግላል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል።

የየቀኑ ሥራ

ማዞሩ። ሰዓቱን ከምትውሉበት ጋር አስማሙት፤ ለምሳሌ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት። ከሆስፒታል ሳትወጡ በነርሷ ፊት በገዛ እጃችሁ አዙሩ። የሚዞርበትን አቅጣጫ በቀስት አስምሩ፤ እያንዳንዱ ዳዶ ላይ በጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጉ። መዝግቡ። አንድ ጊዜ ብትረሱ "ላካክስ" ብላችሁ ሁለቴ አታዙሩ፤ ደውላችሁ ጠይቁ። ዳዶው አልዞር ካለም በጉልበት አትታገሉት።

ማጽዳቱ። ብረቱ ቆዳውን የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ የጀርም በር ነው። በየስንት ቀኑና በምን እንደሚጸዳ ሐኪም ቤታችሁ ይነግራችኋል፤ የነገራችሁን ብቻ አድርጉ። እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ለአንዱ ብረት የተጠቀማችሁበት ጎዝ ለሌላው አይደገም። ቅቤ፣ ፌጦ፣ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ እዚህ ቦታ የላቸውም። ጠበልም ቢሆን ይጠጣ፣ ፊት ይታጠብበት እንጂ ቁስሉ ላይ አይፍሰስ። የብረቱ ዙሪያ መቅላትና መግል መያዝ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ቶሎ ከታየ በመድኃኒት ይመለሳል። ከቆየ ግን አጥንት ይገባል።

ጉልበቱ። እዚህ ላይ እማማና እኔ የሠራነውን ስሕተት ልንገራችሁ። በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ ሌሊት እንቅልፍ አጣች። አንድ ማታ ገብቼ ሳይ እማማ ከጉልበቷ ሥር ትራስ አድርገውላታል፤ ፊቷ ተፈቶ ተኝታለች። "ዛሬ ገና ዐረፈችልኝ" አሉኝ። እኔም ከቤት ሌላ ትራስ ጨመርኩላቸው። ዐሥር ቀን እንዲህ አለፈ። ፊዚዮቴራፒስቷ ስታያት ጉልበቷ ቀጥ ማለት እንቢ ብሏል።

አጥንቱ ሲረዝም ጡንቻው አብሮ ይወጠራል፤ ውጥረቱም ጉልበትን ወደ መታጠፍ ይጎትታል። ትራሱ የጎበጠውን ጉልበት በዚያው ያደርቀዋል። በቅልጥም ሲሆን ደግሞ ተረከዝ ወደ ላይ ተስቦ ልጁ በጣቱ ብቻ ይቆማል። ለዚህ ነው በቀን ብዙ ጊዜ ማዘርጋት፣ ማንቀሳቀስ፣ ሐኪሙ በፈቀደው ልክም መርገጥ የሚያስፈልገው። ፊዚዮቴራፒስቷ ትራሱን ከጉልበቷ አንሥታ ከተረከዟ ሥር አደረገችው፤ ጉልበቷ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ እንዲዘረጋ።

እማማ በዚያ ቀን ብዙ አዘኑ። "ልራራላት ብዬ እኔው ላጎብጣት?" አሉኝ። "ትራሱን የጨመርኩት እኔም ነኝ እማማ" አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ጉልበቷ ሲዘረጋ እየጮኸች፣ እማማ እያለቀሱ ያሠሯት ነበር። አንድ ቀን ግን አላስቀሩም።

ሕመሙ። ሕመም አለ፤ "አያምም" ብላችሁ ልጁን አትዋሹት። "ጎበዝ አያለቅስም" አትበሉት። የታዘዘው ማስታገሻ ሕመሙ ሲበረታ ሳይሆን በሰዓቱ፣ ከፊዚዮቴራፒው ቀደም ብሎ ሲሰጥ ይሻላል። አንዳንድ የሕመም ክኒኖች የአጥንትን ማደግ ሊያዘገዩ ስለሚችሉ ከፋርማሲ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትስጡ። መታሸትም የለም።

ምግብና ጾም

አዲስ አጥንት ከባዶ አይበቅልም። እንቁላል፣ ወተት፣ እርጎ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሥጋ ከተገኘም ሥጋ ያስፈልጋል። ረፋድ ላይ ከደጅ ተቀምጦ ፀሐይ መሞቅም ለአጥንት ይበጃል። ልጁ ሕመሙ የምግብ ፍላጎቱን ይዘጋበታልና ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ስጡት።

በኛ ቤት ጥያቄው ጾም ነው። የእማማ የልጅ ልጅ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ጾማ ታውቃለች፤ ጾመ ነቢያት ሲገባ ወተቱን መለሰችው። እማማ አልተቆጧትም። የንስሐ አባታቸው ጋ ደወሉና ስልኩን ለልጅቷ ሰጧት። ለታመመ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መንገድ አለው፤ ቄሱ ራሳቸው ነግረዋት ወተቱን ጠጣች። ይህን ንግግር ከቀዶ ሕክምናው በፊት ብትጨርሱት ልጁ ሕሊናው አይከሰውም። በአጠገቡም ትንባሆ አይጨስ፤ አጥንት እንዳይገጥም ያዘገያል።

የልጁ ልብ

በሁለተኛው ወር አካባቢ ብዙ ልጅ ይከፋዋል። ይቆጣል፣ ዝም ይላል፣ "ለምን አደረጋችሁብኝ?" ይላል። ለዚህ ነው ሕክምናውን መፈለጉን ከመጀመሪያው መጠየቅ ያለበት። የ12 ዓመት ልጅ ይህን መረዳት ይችላል። ወላጅ ወስኖበት ከሚገባ፣ ተረድቶ ራሱ "እሺ" ያለ ልጅ ይበልጥ ይጸናል።

ሥራ ስጡት። የእማማ የልጅ ልጅ ከአንድ ወር በኋላ መፍቻውን ራሷ ይዛ፣ እማማ ጭረቱን ብቻ ያሰምሩ ጀመር። ያን ቀን ፊቷ ተለወጠ። ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ለርእሰ መምህሩና ለክፍል ኃላፊው አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ደብተር የሚያመጣ ጓደኛ ይመደብለት። ሐኪሙ ከፈቀደ በክራንች ትምህርት ቤት መሄድም ይቻላል። የግቢው ልጆች ሲፈሩ አታባርሯቸው፤ ብረቱ ምን እንደሚሠራ ልጁ ራሱ ያስረዳቸው። የኛዎቹ ውለው አድረው "ዛሬ ስንት ደረሰ?" እያሉ መጠየቅ ያዙ።

ወንድም እህትንም አትርሱ። እናት ለወራት አንዱ ልጅ ጋ ስትሆን ሌሎቹ ዝም ብለው ይጎዳሉ። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ለእነሱ ትሁን።

ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ

እግሩ ወይም ጣቱ ከደነዘዘ፣ እንደ መርፌ ከወጋው፣ ወይም እግሩን ወደ ላይ ማንሣት ካቃተው ማዞሩን አቁሙና ወዲያው ደውሉ፤ ነርቭ እየተወጠረ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት፣ መግል፣ ድንገት የባሰ ሕመም፣ የላላ ወይም የተሰበረ ብረት፣ የቀዘቀዘና የነጣ እግር፣ ያበጠ ባት፣ የትንፋሽ ማጠር ሲኖር "ነገ እናያለን" አይባልም። የሐኪም ቤቱን ስልክ ግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፉት፤ መንገድ ቢዘጋ በቅርብ የምትሄዱበትን ሆስፒታልም አብራችሁ።

ብረቱ ሲወልቅ

ብረቱ የወለቀ ቀን እልል ይባላል። ይገባል። ግን አዲሱ አጥንት ገና ለጋ ነው፤ ከሚሰበርባቸው ጊዜያት አንዱ ይኸው ነው። ለሳምንታት ጀሶ ወይም ክራንች ይኖራል። ኳስ፣ በቅሎ፣ ዛፍ ይቆዩ። ፊዚዮቴራፒውም ብረቱ ስለወለቀ አይቆምም።

የእማማ የልጅ ልጅ ብረቷ የወለቀው መጋቢት ላይ ነው። እግሯ ከሌላኛው ጋር ሊተካከል ትንሽ ቀርቶታል፤ ያን በጫማ ሶል ይሞሉታል። ጉልበቷ አሁን ቀጥ ይላል፤ መታጠፉ ግን እስካሁን ሙሉ አልሆነም። ከነዚያ ዐሥር የትራስ ሌሊቶች ምን ያህሉ እንደመጣ ማንም አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ወደ አንኮበር ሲመለሱ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። እማማ ደብተሯን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ይዘዋታል። "ምን ያደርግልዎታል እማማ?" ስላቸው፣ "እኛ ቀበሌ እንዲህ ያለ ልጅ ያላት ሌላ እናት አለች። ምን እንደሚጠብቃት ቆጥሬ ላሳያት ነው" አሉኝ።

እናንተም ከመፈረማችሁ በፊት ቁጠሩ። ከሐኪሙ ጋ ስትገቡ እነዚህን ጠይቁ፦ የልጄ እግር አድጎ ሲጨርስ ስንት ሴንቲ ሜትር ያንሳል? ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም? ብረቱ ስንት ወር ይቆያል? ፊዚዮቴራፒ የት እናገኛለን? ሌሊት ችግር ቢመጣ ማን ጋ እንደውላለን? መልሱን ይዛችሁ እቤት ተመለሱና ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጡ። ልጁም በመካከላችሁ ይቀመጥ።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።